የሚወረወር ቢላዋ፦ አንድ የአፍሪካ ብረት በመጻሕፍት፣ በሙዚየምና በክፍል ውስጥ የተሰጠው ግምት

ስለ አፍሪካ ሕዝቦች ባህል በተዘጋጁ የሥዕል መጻሕፍትና በአውሮፓ ሙዚየሞች መደርደሪያ ላይ ዘወትር ከሚታዩት የብረት ሥራዎች አንዱ በተለምዶ «የሚወረወር ቢላዋ» እየተባለ የሚጠራው ነው። አንድ እጀታ አለው፤ ከእጀታው በላይ ግን ብረቱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወደ ሁለት፣ ወደ ሦስት ወይም ከዚያ ወደሚበልጥ ስለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ስለት በየራሱ አቅጣጫ ይታጠፋል። ተማሪ ይህን ሥዕል ባየ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንዴት ይወረወራል?» ብሎ ነው፤ መምህሩም ከሥዕሉ ግርጌ የሚያገኘው ማብራሪያ ለዚሁ ጥያቄ ብቻ መልስ የሚሰጥ ይሆናል። ብረቱን ማን ሠራው? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ? ይዞት የሚታየውስ ሰው በሕዝቡ መካከል ምን ማዕረግ ነበረው? እነዚህ ሳይነሡ ትምህርቱ ያልቃል። ጉድለቱ የመምህሩ አይደለም፤ ከመቶ ኀምሳ ዓመት ወዲህ ስለዚህ ብረት ሲጻፍ የኖረው አብዛኛው ነገር በመሣሪያነቱ ዙሪያ የተወሰነ በመሆኑ ነው።

ብረቱ የሚገኝበት አገር እጅግ ሰፊ ነው። በሰሜን ከቲቤስቲ ተራሮችና ከቻድ ሐይቅ አካባቢ ጀምሮ በዛሬዋ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ አልፎ እስከ ሰሜን ኮንጎና እስከ ደቡብ ሱዳን ይደርሳል፤ ከዚህ ተነጥሎም በጥቁር ዓባይ አቅራቢያ፣ ከኢትዮጵያ ድንበር ብዙ ሳይርቅ፣ በኢንገሳና ኮረብታዎች ይገኛል። አጥኚዎች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፍሉታል። የሰሜኑ ዘንጉ ረዘም ያለና ከጎኑ አንድ ቅጥያ ስለት የወጣለት ነው፤ የደቡቡ ደግሞ ስለቶቹ ክንፏን እንደ ዘረጋች ወፍ ግራና ቀኝ የተበተኑ ናቸው። በሁለቱም ዘንድ የቅርጹ ምክንያት ግልጽ ነው። ቀጥ ያለ ቢላዋ ሲወረወር የሚጎዳው ጫፉ ዒላማውን ባገኘ ጊዜ ብቻ ነው፤ በእጀታው ወይም በጎኑ ካረፈ ከንቱ ይቀራል። ይህኛው ግን በአየር ላይ ስለሚሽከረከርና ስለቶቹም በየአቅጣጫው ስለ ወጡ የትኛውም ወገን ቀድሞ ቢደርስ ይቈርጣል።

ስሙ ራሱ ጥቂት ማሰብን ይጠይቃል። አዛንዴዎች «ክፒንጋ» ይሉታል፤ በኩባ አገር «ሾንጎ» ይባል ነበር፤ ሌሎችም ሕዝቦች በየቋንቋቸው የየራሳቸው ስም አላቸው። ሁሉንም ጠቅልሎ በአንድ ስም የጠራቸው ከውጭ የመጣው ተመልካች ነው። በአማርኛም ቢሆን «ቢላዋ» ሲባል በአንባቢው ፊት ድቅን የሚለው ሽንኩርት የሚከተፍበት የማጀት ዕቃ ነው። ሾተልን ሾተል፣ ጎራዴን ጎራዴ ብሎ ለይቶ የሚጠራ ቋንቋ ይህን ብረት ቢያንስ በባለቤቶቹ ስም ለመጥራት አይቸገርም።

ስለ ብረቱ በሰፊው ከጻፉት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን መካከል ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1871 ባደረገው ጉዞ ከካርቱም ወደ ደቡብ ወርዶ የአዛንዴንና የማንግቤቱን አገር አይቷል፤ የጉዞውን መጽሐፍ በ1874፣ ስለ አካባቢው የእጅ ሥራዎችም በሥዕል የተሞላ ሌላ መጽሐፍ በ1875 አሳትሟል። ሥዕሎቹ ዛሬም ክብር የሚገባቸው ናቸው። የቅጠልን ጠርዝ መሣል የለመደ እጅ የብረቱንም እጥፋት ሁሉ ሳይዘነጋ አስቀምጦታል፤ በጥቂት መሣሪያ ይህን ያህል የሚሠሩትን አንጥረኞችም አድንቋል። ይሁን እንጂ አዛንዴዎችን የጠራቸው በራሳቸው ስም ሳይሆን ጎረቤቶቻቸው ባወጡላቸው «ኒያም ኒያም» በሚለው ቅጽል ነው፤ ትርጉሙም የበላተኛነት ነቀፋ ያለበት ሲሆን በጊዜው በአውሮፓ ይናፈስ ከነበረው የሰው በላነት ወሬ ጋር ተያይዞ ነበር። ከዚህም የተነሣ ሥዕሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የሥዕሉ አንባቢ ብረቱን ከዚያ ወሬ ጋር አብሮ ተቀበለው። አንድ ሥዕል በራሱ እውነተኛ ሆኖ ከጎኑ በተጻፈው ቃል ሊዛባ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ከሽዋይንፉርት ይልቅ ግን በሙዚየም አቀራረብ ላይ ረጅም ጥላ የጣለው እንግሊዛዊው ጄኔራል ኦገስተስ ፒት ሪቨርስ ነው። ይህ ሰው የሰበሰባቸውን ከሃያ ሺህ የሚበልጡ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ1884 ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ ዕቃዎቹም የተደረደሩት በየሕዝቡና በየአገሩ ሳይሆን በየዓይነታቸው ነበር። በ1875 ባቀረበው ንግግር ያሳየው ሠንጠረዥ አስተሳሰቡን በግልጽ ያስረዳል፤ በመካከሉ አንድ ተራ በትር አለ፤ ከበትሩ ዙሪያ የአውስትራሊያ ዱላዎች፣ ጋሻዎች፣ ጦሮችና ተወርዋሪ በትሮች ደረጃ በደረጃ እየተለወጡ ወደ ውጭ ይዘልቃሉ። ለማስተማር የሚመች ሥዕል መሆኑ አይካድም፤ ጉዳቱም ከዚሁ ምቾት የመጣ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ያለው ቅደም ተከተል የጊዜ ቅደም ተከተል አይደለም፤ በአንድ ዘመን የኖሩ ሰዎች የሠሯቸውን ዕቃዎች ተመልካቹ እንደ አያትና እንደ ልጅ ልጅ አድርጎ የሰደራቸው ነው።

ይህ አስተሳሰብ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲመጣ ምን እንደሚያስከትል ማየት ይቻላል። ሳሙኤል ቤከር በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ በኢትዮጵያና በሱዳን ጠረፍ የሚኖሩ ሰዎች «ትሮምባሽ» የሚባል ጫፉ የታጠፈ የእንጨት መወርወሪያ እንደነበራቸው ጽፏል። ከዚያው ወሰን በማይርቀው በኢንገሳና አገር ደግሞ የብረት መወርወሪያ ተገኝቷል። በዓይነት የሚደረድር ሰው እንጨቱን እናት፣ ብረቱን ልጅ ብሎ ለመወሰን ጊዜ አይፈጅበትም። ነገር ግን በዚያ ወሰን አካባቢ እንጨቱም ብረቱም ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ብረት ማቅለጥ የሚያውቅ ሰው ለአደን ርካሹን እንጨት መምረጡ ኋላ ቀርነት ሳይሆን ሒሳብ ማወቅ ነው። የቅርጽ መመሳሰል የዝምድና ማስረጃ ሊሆን የሚችለው ሌላ ማስረጃ ሲደግፈው ብቻ ነው።

ነገሩ መልክ መያዝ የጀመረው አንድን ሕዝብ ለይተው በመካከሉ ኖረው ያጠኑ ሰዎች ከመጡ በኋላ ነው። ኢ. ኢ. ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1930 በተለያዩ ጊዜያት ከአዛንዴዎች ጋር ኖሯል። በእርሱም ሆነ ከእርሱ በፊት በመጡት ምስክርነት ክፒንጋ በእርግጥ የጦር ሜዳ መሣሪያ ነበር፤ ተዋጊው ከተጠለፈ ጋሻው በስተጀርባ ብዙ ክፒንጋዎችን አያይዞ ይዞር ነበር። ይህ የጋሻ ነገር በመጻሕፍት ሥዕል ላይ ሁልጊዜ የሚጠፋ ሲሆን ብረቱ ብቻውን በጥቁር መደብ ላይ ተንሳፎ ይታያል። ጋሻው ከሌለ ግን ተዋጊው እንዴት እንደሚሸከመው፣ ስንት እንደሚይዝ፣ በየትኛው እጁ እንደሚመዝ ማወቅ አይቻልም። ለሥዕል አዘጋጆች ሊነገራቸው የሚገባ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

ሆኖም የኢቫንስ ፕሪቻርድም ምስክርነት በራሱ መመዘን አለበት። የአዛንዴው ንጉሥ ግቡድዌ በእንግሊዞች ዘመቻ የሞተው በ1905 ነው፤ አጥኚው በደረሰ ጊዜ የጥንቱ ጦርነት ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስለ ውጊያው የሰማው ከሽማግሌዎች ትዝታ እንጂ በዓይኑ ያየው አይደለም። ይህ ጥናቱን አያፈርሰውም፤ አንባቢው ግን ሊያውቀው ይገባል።

ከዚሁ ጥናት የሚገኝ ሌላ ነጥብ ጠቅለል ብለው የሚጽፉትን ሁሉ የሚያርም ነው። በብዙ አጫጭር ማብራሪያዎች ላይ «የአፍሪካ ተወርዋሪ ቢላዋ ለጥሎሽ ይሰጥ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ይነበባል። በአዛንዴዎች ዘንድ የጋብቻው ብረት ጦር ነበር፤ የሙሽራው ወገን ለሙሽራይቱ ወገን ሃያ ያህል ጦር ይቈጥር ነበር። በሌሎች አገሮች ግን የቢላዋ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ለጥሎሽም ለገበያም መዋላቸው የታወቀ ነው። እንግዲህ «የአፍሪካ» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር ለአንዱ ሕዝብ እውነት፣ ለሌላው ሐሰት ሆኖ ይገኛል። ሕዝቡን በስሙ የማይጠራ ማብራሪያ ተማሪን እንዲያስብ ሳይሆን እንዲገምት ያስተምረዋል።

ብረት ለምን ገንዘብ ሊሆን እንደቻለ ለማስረዳት ወደ ምድጃው መውረድ ያስፈልጋል። ማዕድኑ ከመሬት ይቈፈራል፤ ከሰሉ ከብዙ እንጨት ይዘጋጃል፤ በወናፍ የሚነፋው እሳት ለረጅም ሰዓት ሳይቋረጥ መጠበቅ አለበት፤ ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የሚገኘው ጥቂት ብረት እንደገና እየጋለና እየተቀጠቀጠ ይጠራል። በብዙ የመካከለኛው አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ምድጃው እንደ ወላድ ሴት ይታይ ነበር፤ አቅላጮቹም ሥራው እስኪፈጸም ከሴት ይርቁ ነበር። ይህን ያህል ጉልበትና ሥርዓት የገባበትን ብረት ወርውሮ በጠላት ሜዳ መተው ቀላል ነገር አይደለም። ጥሩ ተማሪ ይህን ከሰማ በኋላ «ታዲያ ለምን ይወረውሩታል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄውም ከመጀመሪያው «እንዴት ይወረወራል?» እጅግ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ስለ ሀብት፣ ስለ ሥልጣንና ለተዋጊው ብረት ስለሚያቀርበው ሰው ወደ መነጋገር ያደርሳል።

ስለ ገንዘብነቱ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ከሩቅ መጀመር የለበትም። አሞሌ ጨው ከቅርብ ዘመን ወዲህ የቀረ የመገበያያ ነገር ነው። ከዚያም የሚቀርብ ምሳሌ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት አገር የአካፋ ቅርጽ ያለው ብረት እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ጽፏል። ያ ብረት እንዳለ ለቁፋሮ የማይሆን፣ ሌላ ነገር ካልተሠራበት በቀር ለመገበያየት ብቻ የሚጠቅም ነበር። በሳንኩሩ ወንዝ አካባቢ ይዘዋወሩ የነበሩት የተወርዋሪ ቢላዋ መልክ የያዙ፣ ነገር ግን ሊወረወሩ የማይችሉ ብረቶችም እንዲሁ ናቸው። ቅርጹ ስለ መሣሪያው የሚናገር ይመስላል፤ በእርግጥ የሚናገረው ግን በውስጡ ስላለው ብረት ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ በአገር ውስጥ ያለ አንድ እንቅፋት አብሮ መነሣት አለበት። ተማሪው ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ስለ ቀጥቃጭ ያለው ግምት ብዙ ጊዜ የከበረ አይደለም፤ ብረት ሠሪን በቡዳነት መጠርጠርና ከጋብቻ ማራቅ በኢትዮጵያ ብዙ ክፍሎች ለዘመናት የኖረ ልማድ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ይህን ግምት የያዘ ተማሪ የመካከለኛውን አፍሪካ ብረት ሲመለከት ሠሪውን ከሥዕሉ ውስጥ አውጥቶ ይጥለዋል። በኮንጎ፣ በካሳይና በሳንኩሩ ወንዞች መካከል በሚገኘው በኩባ መንግሥት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የኩባ ነገሥታት ከእንጨት በተቀረጹላቸው ምስሎች ፊት እያንዳንዱን ንጉሥ ለይቶ የሚያሳውቅ አንድ ምልክት ይቀመጣል፤ የንጉሥ ምቦፕ ፔልዬንግ ምልክት የብረት መቀጥቀጫ መስፍ ነው። ለንጉሥ መታወቂያ መስፍ የተመረጠለት አገር መኖሩን ማወቅ ለአንዳንድ ተማሪ ስለ ብረቱ ከሚነገረው ሁሉ ይበልጥ ሊያስደንቀው ይችላል።

የኩባ ታሪክ ስለ ተወርዋሪው ቢላዋም ከሌሎች ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ሃንጋሪያዊው ኤሚል ቶርዳይ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ መናገሻቸው ገብቶ ከሽማግሌዎች የቃል ታሪክ ሰብስቧል። በዚያ ታሪክ መሠረት በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የነገሠው ሻም አምቡል አንጎንግ ከመንገሡ በፊት ወደ ምዕራብ አገሮች ተጉዞ ብዙ ጥበብ ተምሮ ተመለሰ፤ በነገሠም ጊዜ ሕዝቡ ሾንጎን በጦርነት እንዳይጠቀም ከለከለ። ሰውን ከሩቅ የሚጥለውን ብረት ከሕዝቡ እጅ ያወጣ ንጉሥ ሆኖ ይታሰባል። በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውና ቶርዳይ በ1909 ያመጣው የዚህ ንጉሥ ምስል እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ በግራ እጁ እጀታው ወደ ውጭ የዞረ የክብር ቢላዋ ይዟል፤ ከፊቱ ያለው ምልክት ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ልጅ ማስተርጐም የማያስፈልገው ነው፤ የገበጣ ሰሌዳ ነው። ጨዋታውን ለሕዝቡ ያስተማረ እርሱ ነው ተብሎ ይነገራልና።

ታሪኩ ማራኪ ስለ ሆነ ብቻ እንዳለ መወሰድ የለበትም። ቶርዳይ ነገሩን ሲጽፍ ለአውሮፓ አንባቢ ሰላማዊ የአፍሪካ ንጉሥ ለማሳየት የነበረው ጉጉት በአጻጻፉ ይታያል፤ «ቡሾንጎ» የሚለውንም የሕዝብ ስም «የተወርዋሪው ቢላዋ ሰዎች» ብሎ ተርጕሞታል። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በኩባ አገር ያጠናውና በ1978 ታላቁን የኩባ ታሪክ ያሳተመው ያን ቫንሲና ሻም በቃል ታሪክ ውስጥ የጥበብ ሁሉ ጀማሪ ተደርጎ መቅረቡን ልብ እንድንል ያደርገናል፤ ሽመናውም፣ እህሉም፣ ጨዋታውም፣ የመሣሪያው ክልከላም ለአንድ ሰው ሲሰጥ ብዙ ዘመን የፈጀ ለውጥ በአንድ ስም ሥር መከማቸቱ ነው። ምስሉም ቢሆን ንጉሡ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደ ተቀረጸ ይታመናል። ሆኖም የቃል ታሪክ ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም፤ ኩባዎች በአንድ ንጉሥ ዘመን እንደታየ የሚያስታውሱት የፀሐይ ግርዶሽ በሥነ ፈለክ ስሌት 1680 ላይ ውሎ የነገሥታቱን ዘመን ለመወሰን ረድቷል። ክልከላውን ሻም ራሱ አወጀውም አላወጀውም፣ አንድ ሕዝብ በመሣሪያ ስም እየተጠራ መሣሪያውን የተወበትን ቀን እንደ ታላቅነቱ መጀመሪያ አድርጎ ሲያስታውስ መኖሩ ራሱ ከፍ ያለ ማስረጃ ነው።

ብረቱ ከውርወራ ወደ ምልክትነት የተሸጋገረበት ሌላ ሥፍራ ለኢትዮጵያ ታሪክ የቀረበ ነው። በ1881 ዓ.ም. በመተማ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የተዋጋው የመሐዲስቶች መንግሥት በኦምዱርማን የተወርዋሪ ቢላዋ ቅርጽ ያላቸው ብረቶችን ያሠራ ነበር። ከስስ ብረት የተቈረጡ፣ ገጻቸው በሙሉ በዐረብኛ ጽሑፍ የተሸፈነ፣ ለውርወራ የማይመቹ ናቸው። ከደቡብና ከምዕራብ የመጡ ተዋጊዎች የሚያውቁትን የክብር ቅርጽ አዲሱ መንግሥት በራሱ ቃል ሸፈነው ማለት ይቻላል። ከ1898ቱ የኦምዱርማን ውጊያ በኋላም ብዙዎቹ በእንግሊዝ ወታደሮች እጅ ወደ አውሮፓ ሄደው በየግድግዳው የድል ጌጥ ሆኑ፤ እንዲህ ያለው ብረት ሦስተኛ ትርጉም ያገኘው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ተቃራኒ ስሕተት እየታየ ነው። የሥነ ጥበብ ካታሎጎች ብረቱን እንደ ቅርጻ ቅርጽ ብቻ እያቀረቡ፣ ከመሣሪያነቱ ጋር የሚነካካውን ሁሉ እንደ ቅኝ ገዥ ወሬ ይቈጥሩታል። ይህም ያው ጠቅላላ ፍርድ ነው፤ አዛንዴው ከጋሻው ጀርባ የያዘው ብረት ሰው ለመግደል የተሠራ ነበር፤ ይህን መደበቅ ለአዛንዴው ክብር አይጨምርለትም። በተጨማሪም ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ በማንግቤቱ አገርና በሌሎችም ሥፍራዎች ለአውሮፓውያን ገዢዎች ተብለው የተሠሩ ያጌጡ ብረቶች ብዙ ናቸው፤ የካታሎጎቹ ውበት ከፊሉ ከዚያ ገበያ የመጣ ሊሆን እንደሚችል አንባቢው ሊጠረጥር ይገባዋል።

ለክፍል ሥራ የሚበጀው ከሥዕሉ በፊት ገበጣውን ማቅረብ ነው። ተማሪዎች ከሚያውቁት ጨዋታ ተነሥተው ወደ ኩባው ንጉሥ ምስል፣ ከምስሉም ወደ ተከለከለው ብረት ቢሄዱ መሣሪያው የሚመጣው ታሪኩ ከተያዘ በኋላ ይሆናል። የውርወራውንም ነገር ለማሳየት ጉግስን ያየ ልጅ ባለበት ክፍል ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ በፈረስ ላይ የሚወረወረው ዘንግና የሚመክተው ጋሻ የጦርነት እንቅስቃሴ በጨዋታ ሊኖር እንደሚችል ያሳዩታል። የቅርጹን ምክንያት ለመመርመር ሁለት ቁራጭ ካርቶን ይበቃል፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ሦስት ክንፍ ያለው ሆኖ ተቈርጦ በሜዳ ላይ ቢወረወር የትኛው በምን ወገኑ እንደሚያርፍ ተማሪዎች ራሳቸው መዝግበው ሊያወዳድሩ ይችላሉ። በሠፈሩ ብረት ቀጥቃጭ ካለም ወደ ክፍል ተጋብዞ የአንድ ማረሻ ብረት ስንት ጊዜ እንደሚግል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ቢያስረዳ ስለ ክፒንጋ ዋጋ ከመጽሐፍ የማይገኝ መልስ ይገኛል። ከዚህ በኋላ በሥዕሉ ግርጌ ያለውን ማብራሪያ ሰርዘው በራሳቸው እንዲጽፉት ማድረግ ነው፤ የሕዝቡን ስም፣ የቦታውን ስም፣ ዘመኑን፣ የሠሪውን ሥራና ብረቱ በማን እጅ እንደነበረ በሁለት መስመር፤ የማይታወቀውም ክፍት ሆኖ ይቅር።